ገበቴ፣ ስሉስ ወይስ ድሬጅ? ለወንዝ ወርቅ መሣሪያ ስንመርጥ

በአሶሳ ዙሪያ፣ በዳቡስ ዳርቻ፣ በዲማ በአኮቦ ወንዝ፣ በጉጂ ደግሞ በአዶላና በሻኪሶ ወርቅ የሚያጥብ ማኅበር ገንዘብ አጠራቅሞ መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ የሚቀናው ጥያቄ «ስንት ኢንች ድሬጅ (ጠጠርን ከውኃ ሥር በቱቦ የሚመጥጥ ማሽን) ይሻለናል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከኋላ የጀመረ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ወርቁ ምን ያህል የደቀቀ እንደሆነ፣ ስንት ሜትር ጠጠር እንደተጫነው፣ ጠጠሩም ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ደረቅ ዳርቻ ላይ የሚለው ነው። ሞተር ጠጠር ያነሣል እንጂ ወርቅ አይዝም። ወርቅ የሚይዘው ጠጠሩ የሚታጠብበት ሳጥን፣ ስሉሱ ነው። ሳጥኑ ከሚችለው በላይ ጠጠር የሚያቀርብ ሞተር የገዛ ሰው ደቃቁን ወርቅ ቆፍሮ፣ አንሥቶ፣ ነዳጅ አቃጥሎበት መልሶ ለወንዙ ይሰጠዋል። ስለዚህ አማራጮቹን የምናወዳድረው በፈረስ ጉልበታቸው ሳይሆን በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያጥቡና ካጠቡት ውስጥ ስንቱን ወርቅ እንደሚያስቀሩ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን መለካት

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አፉን ቆርጣችሁ መለኪያ አድርጉት። 50 ጄሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው። ወንዙን አቋርጣችሁ ከዳር እስከ ዳር በየ5 ሜትሩ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የላዩን፣ የመካከሉንና ከአለቱ በላይ ያለውን የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር ለየብቻ 10 ጄሪካን ውሰዱና በገበቴ እጠቡ። የተገኘውን ወርቅ አድርቃችሁ እስከ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑት። ከ10 ጄሪካን 0.06 ግራም ከወጣ፣ በ5 ስታባዙት በሜትር ኩብ 0.3 ግራም ነው።

ስህተት የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው የአለቱን ላይ ጠጠር ብቻ ያጥብና በሜትር ኩብ 1 ግራም አግኝቶ በዚያ ቁጥር ዕቅድ ያወጣል። ነገር ግን ያ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ላይ 2 ሜትር ባዶ ጠጠር ከተጫነ፣ መነሣት ያለበት 2.3 ሜትር ነው። አማካዩም ወደ 0.13 ግራም ይወርዳል። መሣሪያ የሚመረጠው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው።

ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ቦታም ለዕድል አይተው። ወርቅ ከውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል። ተራው ነጭ ድንጋይ 2.65 እጥፍ፣ የጥቁር አሸዋው ማግኔታይት ደግሞ 5.2 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃው ኃይሉ በሚቀንስበት ሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው ወርቁ ነው፦ ከወንዙ መታጠፊያ በውስጠኛው ጎን፣ ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ አለቱ ድንገት ዝቅ በሚልበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወራጁን አቋርጠው በተሰነጠቁ የአለት ስንጥቆች ውስጥ። ጠንካራ የሸክላ ንጣፍ ስታገኙ አለት ደረስን ብላችሁ አትቁሙ፤ ላዩን እጠቡት፣ ከሥሩም ሌላ ጠጠር መኖሩን በድጅኖ ፈትሹ።

የተገኘውን ወርቅ በ1 ሚሊ ሜትርና በ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ለዩት። አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ማንኛውም በልክ የተሠራ ሳጥን ይይዘዋል። አብዛኛው ከ0.5 በታች ሆኖ እንደ ቅርፊት የሳሳ ከሆነ ግን ምርጫችሁ በሙሉ ይቀየራል፦ ሰፊ ሳጥን፣ ቀጭን ውኃ፣ ደቃቅ ወንፊት። ትልቅ ድሬጅ ለእንዲህ ያለ ወርቅ መጥፎ ምርጫ ነው።

ገበቴ

በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር ሴቶች የሚያጥቡበት የእንጨት ገበቴ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። የለመደ እጅ በቀን ከ50 እስከ 80 ገበቴ ያጥባል። በአንድ ገበቴ 8 ሊትር ብንል ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑ ነው። በሜትር ኩብ 0.3 ግራም ባለው መሬት ይህ በቀን 0.15 ግራም ነው፤ ወርቁ በሳሳበት ጠጠር ከዕለት ጉርስ አያልፍም። ገበቴ የሚያዋጣው ለሁለት ነገር ነው፦ ጠጠሩ ጥቂት ሆኖ ወርቁ ሀብታም ለሆነበት የአለት ስንጥቅ፣ እንዲሁም ለሙከራና ለመጨረሻው ማጣሪያ። በዚህ በሁለተኛው ሥራ የትኛውም ማሽን ገበቴን አይተካውም።

የአጣቢውን እጅ መፈተን ቀላል ነው። የዓሣ ማስገሪያ እርሳስ በ1 ሚሊ ሜትር ልክ ቆራርጣችሁ፣ በመዶሻ ጠፍጥፋችሁ 10 ፍሬ ገበቴው ውስጥ ከጠጠሩ ጋር ቀላቅሉ። አጥቦ ሲጨርስ አሥሩም ካልተገኙ አስተጣጠቡ ይታረም። እርሳስ ከወርቅ ስለሚቀል፣ እርሳሱን ያልጣለ እጅ በዚያ ልክ ያለ ወርቅ አይጥልም። ደቃቅ ወርቅ በውኃው ወለል ላይ ሲንሳፈፍ ካያችሁ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ወዲያው ይሰምጣል።

ስሉስና ባለ ፓምፕ ስሉስ

ስሉስ የሚባለው ማጠቢያ ሳጥን ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቦይ ነው። ወለሉ ላይ ፀጉራም ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ሪፍል የሚባሉ አግዳሚ ብረቶች ይቀመጣሉ። ማንኛውም በያጅ ከላሜራና ከአንጎላሬ ይሠራዋል። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይበቃል። በራሱ የወንዙ ወራጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ነዳጅ አይፈልግም፤ አራት ሰው በቀን 3 ሜትር ኩብ ያጥብበታል። ወራጁ ሲደክም ወይም ወርቁ ከውኃው ርቆ በዳርቻው እርከን ላይ ሲሆን ሳጥኑን እግር አውጥታችሁ በባለ 2 ኢንች ፓምፕ ውኃ ታመጡለታላችሁ፤ ባለ ፓምፕ ስሉስ የምንለው ይህን ነው። ከላዩ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ተዳፍቶ ይገጠምለትና ትልልቁ ድንጋይ ታጥቦ ወደ ውጭ ይንከባለላል። አራት ሰው በአካፋ እየመገበው በቀን 5 ሜትር ኩብ ይደርሳል።

የሳጥኑ ነገር በደንብ ይታይ፤ ድሬጅም ብትገዙ ወርቁ የሚቀረው ወይም የሚሄደው በዚሁ ሳጥን ነው።

መነሻው ዝቅታ በሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 1 ሜትር ውኃ ልክ ሳጥኑ ላይ አስቀምጡ፤ በታችኛው ጫፉ ሥር 8 ሴንቲ ሜትር እንጨት ስታስገቡ አረፋው መሐል መቆም አለበት። 30 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ሳጥን በደቂቃ ከ400 እስከ 600 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ወርቁ ደቃቅ ከሆነ ዝቅታውን ወደ 6 አውርዱ፣ የላዩንም ወንፊት በ5 ሚሊ ሜትር ቀይሩ። ትልቅ ጠጠር ባለበት ሳጥን ያን ጠጠር ለመግፋት ኃይለኛ ውኃ ያስፈልጋል፤ ያው ውኃ ደቃቁን ወርቅ ይዞት ይሄዳል። ቀድሞ ማበጠር ውኃውን ለማቅለል ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ልፋት ይዘለዋል፣ ብዙ ወርቅም የሚጠፋው እዚሁ ላይ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከእያንዳንዱ ሪፍል ጀርባ ያለውን አሸዋ ተመልከቱ። ጥቁሩ አሸዋ በሪፍሉ ጥላ ሥር እየተገለባበጠ፣ እየፈላ እንደሚንተከተክ ሽሮ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ገብቷል። አሸዋው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ከሞላው ውኃው ደክሟል ወይም ዝቅታው አንሷል፤ አዲስ ወርቅ መቀመጫ አጥቶ በላዩ ይንሸራተታል። ምንጣፉ ባዶውን ከታየ ደግሞ ውኃው በዝቷል። ሌላው ፍርድ ሲታጠብ ይመጣል፦ የመጀመሪያውን 40 ሴንቲ ሜትር ምንጣፍ፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን በተለያየ ሳፋ አራግፋችሁ ለየብቻ እጠቡ። ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ከመጀመሪያው መገኘት አለበት። ከመጨረሻው ሲሶ ወርቅ ካያችሁ፣ ከሳጥኑ አልፎ የሄደም አለ ማለት ነው።

ሸክላ የበዛበት ጠጠር ከሌላው የተለየ ጠላት ነው። የሸክላ እንክብል ሳጥኑ ላይ ሲንከባለል የተያዘውን ወርቅ በራሱ ላይ ለጥፎ ይዞት ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጠጠር በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጠዋት በአካፋ በጥብጡት፣ ሸክላው ሲሟሟ ብቻ ወደ ሳጥኑ መግቡት። ድሬጅ ይህን ጊዜ አይሰጥም፤ ሸክላማ ወንዝ ላይ ባለ ፓምፕ ስሉስ ከድሬጅ ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው።

ድሬጅ

ድሬጅ ጠጠሩን ከውኃው ሥር በቱቦ መጥጦ ወደ ሳጥኑ የሚያወጣ ነው። የሚጠራውም በመምጠጫ ቱቦው ስፋት ነው፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ኢንች። ድሬጅ ጥቅሙ አንድና ግልጽ ነው፤ ቆማችሁ በአካፋ የማትደርሱበትን፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 3 ሜትር ውኃ ሥር ያለውን ጠጠር ያወጣል፣ የአለቱንም ስንጥቅ እንደ መጥረጊያ ይጠርገዋል። ጠጠሩ ከውኃ በላይ ከሆነ ወይም ውኃው ከጉልበት በታች ከሆነ ድሬጅ መግዛት ያላስፈለገ ወጪ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ሻጩ ልዩነታቸውን ላያስረዳችሁ ይችላል። አንደኛው ባለ ጄት ነው። ፓምፑ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይገፋል። ያ ውኃ በጠባብ አፍ ወደ መምጠጫ ቱቦው ሲወረወር ከኋላው ባዶነት ይፈጥርና ጠጠሩን ይስበዋል። ድንጋይ የፓምፑን ማራገቢያ አይነካውም፤ ስለዚህ ፓምፑ ዕድሜ አለው። ድክመቱ ከፍታ አለመቻሉ ነው፦ ሳጥኑ በሁለት ጀልባ መሰል በርሜሎች ላይ ተንሳፍፎ ከውኃው ወለል ብዙም ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር መምጠጡ ይሞታል። ሁለተኛው የጠጠር ፓምፕ ነው፤ በናፍጣ ሞተር የሚዞር፣ አሸዋውና ጠጠሩ በራሱ በማራገቢያው ውስጥ የሚያልፍ። ዳርቻው ላይ 4 እና 5 ሜትር ከፍ ወዳለ ሳጥን ይገፋል። ነገር ግን ጠጠሩ ማራገቢያውንና ሽፋኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ማኅተሙ (ውኃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ሲል) ሲያልቅ አሸዋ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ይህን የምትገዙ ከሆነ ተለዋጭ ማራገቢያ፣ ማኅተምና ኩሽኔታ አብራችሁ ግዙ፤ ከአሶሳ ወይም ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ለመለዋወጫ ተልኮ ሲመለስ የበጋው ጊዜ ያልቃል። ተንሳፋፊ ሳጥን ማቆም ለሚቻልበት ወንዝ ባለ ጄቱን እንመክራለን፤ ገደላማ ዳርቻ ላለበት የጠጠር ፓምፑን።

በመጠን ካየነው፣ 2 ኢንቹ ስንጥቅ ለማጽዳት እንጂ ለማኅበር አይሆንም። 4 ኢንቹ ለሦስት ሰው ልክ ነው፦ 6.5 የፈረስ ጉልበት ቤንዚን ሞተር፣ በሰዓት 1.5 ሊትር ገደማ ነዳጅ፣ ሥራ ላይ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ኩብ። አምራቾች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጽፋሉ። እሱ የላላ አሸዋ ያለማቋረጥ ሲመጠጥ ነው፤ በእውነተኛ ወንዝ ላይ አብዛኛው ሰዓት ከቱቦው የሚተልቀውን ድንጋይ በእጅ በማንሣት ያልፋል። 6 ኢንቹ 13 የፈረስ ጉልበት ወይም ሁለት ሞተር ይፈልጋል፣ ነዳጁም እጥፍ ነው፣ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሜትር ኩብ ያወጣል። ቱቦው ጠላቂውን የመጎተት ኃይል አለው፣ ድንጋዩም ይከብዳል፣ አራትና አምስት ሰው ይጠይቃል። ጠጠሩ ከ1.5 ሜትር በላይ ካልጠለቀ፣ ወርቁም ደቃቅ ከሆነ 4 ኢንች ከ6 ኢንች ይሻላል።

ከፍታ ኃይል ይቀንሳል። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ላይ 17 በመቶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በደጋማው የጉጂ ወንዝ ላይ ለ4 ኢንች 9 የፈረስ ጉልበት አስቡ፣ የካርቡሬተሩንም ጅግለር (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) በሙያተኛ አስተካክሉ። ካልተስተካከለ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይደፈናል።

ሥራውን የሚያቆሙት ብልሽቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የቱቦ መደፈን ነው። የሚደፍነው ትልቅ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሞላላ ድንጋይ ጎን ለጎን ሲገቡ ጄቱ አንገት ላይ ይቆላለፋሉ። መከላከያው የመምጠጫውን አፍ ከቱቦው ማጥበብ ነው፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ 85 ሚሊ ሜትር ቀለበት በየዱት። በዚያ ያለፈ ድንጋይ በቱቦውም ያልፋል። ከተደፈነ ቱቦውን ከውጭ በእንጨት እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደፍንበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከጄቱ በላይ ባለው ክዳን በኩል በፌሮ ግፉት። ብረት በቀጥታ ቱቦው ላይ አትምቱ።

ሁለተኛው የአየር መግባት ነው። ፓምፑ በፉት ቫልቩ፣ ማለትም በመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ባለው አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ በር በኩል ውኃ ይስባል። ፋሼታ ከላላ ወይም ፉት ቫልቩ ላይ ቅጠል ከተጠመጠመ አየር ይገባና ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃው ይቆራረጣል። ፓምፕ ያለ ውኃ ሁለት ደቂቃ ከዞረ ማኅተሙ ይቃጠላል። ከማስነሣታችሁ በፊት የፓምፑን ሆድ ውኃ ሙሉት። ፉት ቫልቩን ቀዳዳ በበዛበት ባልዲ ውስጥ አስገብታችሁ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር አንጠልጥሉት፤ አሸዋ እንዳይስብ።

ሦስተኛው መስመጥ ነው፤ ይህን ስንጽፍ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡት እንፈልጋለን። ጠላቂ የሚተነፍሰው አየር ከጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አይወሰድም፤ የዘይቱ ጭስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ዘይት የሌለው፣ ለጠላቂ የተሠራ ኮምፕሬሰርና የመጠባበቂያ አየር ጋን ያስፈልጋል። የአየሩ መሳቢያ አፍ ከሞተሩ ማርሚታ ርቆ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን፣ ከፍ ብሎ ይቁም፤ የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይዞ ከገባ ጠላቂው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። የወገብ ክብደቱ በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን። ድንጋይ ከፊታችሁ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ አይቅር፦ ጉድጓዱን ሰፊና ተዳፋት አድርጋችሁ፣ ላዩን ድንጋይ ቀድማችሁ ወደ ኋላ እያንከባለላችሁ ሥሩ። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ፣ አንድ ሳጥኑ ላይ፣ አንድ ሞተሩ ዘንድ ሆኖ ገመድ ይያዝ፤ ከሦስት ሰው በታች ድሬጅ አይነሣ። አዞና ጉማሬ ያለበት ወንዝ ላይ ደግሞ ጠልቆ መሥራትን ከምርጫው አውጡት። እዚያ ያለው ምርጫ የዳርቻ ስሉስ ነው።

ኤክስካቫተርና ማጠቢያ ማሽን

ሰፊ የዳርቻ እርከን፣ በሺህ ሜትር ኩብ የሚቆጠር የተፈተነ ጠጠርና የአነስተኛ ማዕድን ፈቃድ ላለው ኩባንያ ነው። በርሜል መሰሉ ተሽከርካሪ ማበጠሪያ፣ ትሮመል፣ ሸክላን ከሁሉ በላይ ይሰብራል፤ የሚያደፈርሰው ውኃ ግን ብዙ ስለሆነ ማስተኛ ኩሬ ሳይቆፈር አይጀመርም። ለማኅበር የኪራዩ ሰዓት እየቆጠረ መሬቱ ያልተፈተነ ከሆነ ዕዳ ውስጥ ይከታል።

ወጪን በግራም ማሰብ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ወጪያችሁን በወርቅ ግራም መንዝሩት። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 4 ኢንች ድሬጅ በቀን 6 ሜትር ኩብ ያጥባል፤ ጠጠሩ በአማካይ 0.2 ግራም አለው፤ ሳጥኑ 70 በመቶ ይይዛል። ገቢው 6 × 0.2 × 0.7፣ ማለትም 0.84 ግራም ነው። ነዳጁ፣ ምግቡ፣ የሦስቱ ሰው ድካምና የመሣሪያው ማለቂያ ተደምሮ 0.8 ግራም ከሆነ ሥራው ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው። አሁን ሳጥኑን አስተካክላችሁ መያዙን ወደ 90 በመቶ ብታደርሱት ገቢው 1.08 ይሆናል፤ ትርፉ ከ0.04 ወደ 0.28፣ ሰባት እጥፍ ያድጋል፣ ያለ አንድ ሊትር ተጨማሪ ነዳጅ። ባለ ፓምፕ ስሉሱ በዚያው ጠጠር 5 ሜትር ኩብ በ90 በመቶ ሲይዝ 0.9 ግራም ነው። ሳጥኑ ካልተስተካከለው ድሬጅ በልጦ ተገኘ፣ መግዣውም ከድሬጁ በብዙ ያነሰ ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረውን ጥቁር አሸዋ ማጣራት

እዚህ ምርጫው ሜርኩሪ፣ ቦራክስ ወይም ገበቴ ነው። ሜርኩሪ ፈጣን ይመስላል። ወርቁን ይዞ ይጠቀልላል፣ ከዚያ በእሳት ሲተን ወርቁ ይቀራል። ሜርኩሪ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በከሰል ላይ ሲተን የማይታይ ጭስ ሆኖ በአጣቢው ሳንባ፣ በጎጆው ጣሪያና በልጆች ምግብ ላይ ያርፋል። ወንዝ የገባው ደግሞ ደለል ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ተለውጦ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ዓሣ ከባሮና ከአኮቦ ለሚበላ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ስሙን ያገኘው ነዋሪዎቿ በሜርኩሪ የተመረዘ ዓሣ በልተው ከተጎዱባት ከጃፓኗ ሚናማታ ነው። ሜርኩሪን አንመክርም።

ቦራክስ፣ ማለትም ለማቅለጫ የሚውለው ነጭ ዱቄት፣ በፊሊፒንስ ቤንጌት ግዛት ትንንሽ አምራቾች ለአሠርት ዓመታት የሠሩበት መንገድ ነው። ጥቁሩን አሸዋ በ1 እና በ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ለይታችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ በገበቴ አጥቡ፤ የተለያየ መጠን አንድ ላይ ሲታጠብ ትልቁ አሸዋ ትንሹን ወርቅ ይገፋዋል። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ በውኃ ውስጥ አንሸራሽሩት፣ የተለጠፈውንም በሌላ ሳፋ አራግፋችሁ ድገሙት፤ በመጀመሪያው ጥቂት ወርቅ አብሮ ይነሣል። አብዛኛው ወርቅ ሆኖ ሲቀር በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከእኩል ቦራክስ ጋር ቀላቅላችሁ በከሰልና በወናፍ አቅልጡት። ቦራክስ በ743 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቀረውን የብረት ቆሻሻ እንደ መስታወት አሟሙቶ ይወስደዋል፤ ወርቁ በ1,064 ዲግሪ ቀልጦ ከታች ይሰበሰባል። አሸዋው ካልጠራ ግን ቦራክስ ብቻውን አያድንም፤ ሲበርድ መስታወቱ ውስጥ የወርቅ ጠብታ ተበትኖ ይቀራል። መስታወቱን አትጣሉት፣ ፈጭታችሁ በገበቴ እጠቡት።

በምዕራብ ወለጋ በዩብዶ፣ በብርብር ወንዝ ዙሪያ ለምትሠሩ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለን። እዚያ የሚገኘው ፕላቲነም ከብረት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ አንዳንዱ ፍሬ በማግኔት ይሳባል። ማግኔት የያዘውን ጥቁር አሸዋ ሳትመለከቱ ብትጥሉ ንጹሑ ከወርቅም የሚከብደውን፣ ከውኃ 21 እጥፍ የሚመዝነውን ማዕድን ጣላችሁ ማለት ነው። ፕላቲነም በከሰል እሳት አይቀልጥም፣ ማቅለጫው 1,768 ዲግሪ ነው፤ በፍሬው ነው የሚሸጠው።

ፈቃድና ወንዙ

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን ፈቃድን በእጅ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ አስቀምጦታል፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው ክልሉ ነው። ሞተር ልታስገቡ ከሆነ ፈቃዳችሁ ያን የሚሸከም መሆኑን፣ ወይም በኋላ የወጣው የአዋጁ ማሻሻያ ያመጣውን የልዩ አነስተኛ ፈቃድ መጠየቅ የሚገባችሁ መሆኑን መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ከክልሉ የማዕድን ቢሮ በጽሑፍ አግኙ። ድሬጅ ከተገዛ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ የመደራደሪያ አቅም አይሰጥም።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2009 ድሬጅን በወንዞቿ ላይ አግዳለች። ከተነሡት ምክንያቶች ሁለቱ የሳልሞን ዓሣ መራቢያ መናጋቱና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወርቅ አጣቢዎች የጣሉት ሜርኩሪ ከደለሉ ዳግም መቀስቀሱ ነበሩ። እኛ ዘንድ ከታች ያለው መንደር ያንኑ ውኃ ይጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል። ዳርቻውን አትምጠጡ፤ የዛፍ ሥር የያዘው ዳርቻ ከተናደ ወንዙ እርሻ ይበላል። የታጠበውን ጠጠር ወደ ኋላችሁ ወደ ጉድጓዱ መልሱት። የባለ ፓምፕ ስሉሱ ድፍርስ ውኃ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ሁለት ተከታታይ ኩሬ ውስጥ ይተኛ። ዘይት ስትቀይሩ ከሞተሩ ሥር ሳፋ አድርጉ።

ሥራው ውኃው ሲጎድል ነው፤ በምዕራቡ ወንዞች ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ በጉጂ ግን ዝናቡ መጋቢት ላይ ስለሚጀምር ቀደም ብሎ ይቆማል። ግንቦት ላይ በደጋው ሲዘንብ በቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ በሌሊት ይደርሳል፤ ድሬጁ በአንድ ገመድ የታሰረ ከሆነ ጠዋት አታገኙትም። ከግንቦት መጀመሪያ በፊት ሞተሩን ከወንዙ አውጡ፣ ከካርቡሬተሩ ቤንዚኑን አድርቁ፣ የፓምፑን ሆድ ፈትታችሁ አሸዋውን አጥቡ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳቡ። ምንጣፉን ደግሞ ሳታጥቡ አትጠቅልሉት፤ በደንብ ታጥቧል የተባለ ምንጣፍ ደርቆ በንጹሕ ሳፋ ላይ ሲመታ ሁልጊዜ ጥቂት ደቃቅ ወርቅ ያራግፋል።